የሬት ምስጋና

በዱቄትና ዳቦ ፋብሪካው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጥራት ላብራቶሪውን የምትመራውን ሴት ሠራተኛው በሙሉ «ሬት» ይላታል። በፊቷ አይደለም፤ በፊቷማ ማን ወንድ! ግን ታውቃለች። ከማወቅም አልፋ ትኮራበታለች። ሬት መራራ ነው፣ መራራ ነገር ደግሞ ያድናል፤ ጣፋጭ ጥርስ ከማበስበስ በቀር ለማን ምን ፈየደ? ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋዋኗን የምትቆልፈው እንዲህ እያሰበች ነው።

ዐይኗን የሚሞላ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁን ትንቀዋለች። ስብሰባ ባለቀ ቁጥር፣ ምንም ሳይወሰን፣ «እስቲ ለራሳችን እናጨብጭብ» ስለሚል «ጭብጨባ» የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት፤ ስሙ ጠዋት ከአፏ ወጥቶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጋጋሪዎቹ ዘንድ ደርሶ ነበር። የማሸጊያ ክፍሉን ሰዎች ትንቃለች፤ ዳቦ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ቦርሳቸውን ሲያስቀምጡ በዐይኗ አይታለች። ከሁሉም አብልጣ የምትንቀው ግን በዚያው ኮሪደር ማዶ የምርምር ክፍሉን የሚመራውን ታናሽ ወንድሟን ነው።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። ከዚያው ሆድ እሷ ቀድማ ወጣች፣ እሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ተከተለ። ንፍጡን የጠረገችለት፣ ጫማውን ያሰረችለት፣ ማባዣውን በቁንጥጫ ያስጠናችው እሷ ናት። አሁን እሱ ዶክተር ነው፤ እሷ ደግሞ የትናንቱን ንፍጥ አልረሳችም። ፋብሪካው በሙሉ «ዶክተር» ሲለው እሷ በስብሰባ መካከል፣ በእንግዳ ፊት፣ «ማሙሽ» ትለዋለች። «ማሙሽ፣ እስቲ ያንን ግራፍ እንደገና አሳየን፤ ወደ ላይ የሚወጣው ፕሮቲኑ ነው ወይስ ያንተ ምኞት?» ሰው ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ጆሮው ግን ይቀላል።

ልጅ ሳለ ፈረስ ስሎ ቢያሳያት «ይሄ በርጩማ ጭራ አለው እንዴ?» አለችው። ዶክትሬቱን ይዞ ሲመጣ «እስቲ ጉንፋኔን አድነኝ» አለችው። በሠርጉ ቀን ደግሞ ሙሽራይቱን አቅፋ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ» አለቻት። ይህን ሁሉ እሷ ጨዋታ ትለዋለች። የሚቀለድበት ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ግን ጠይቃ አታውቅም።

ከዚህ ንቀት ያመለጠች አንዲት ፍጥረት አለች፤ የዚሁ የወንድሟ ልጅ፣ ሚጡ። ሚጡ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስንዴ ጠላቷ ነው። ሊጥ የሚያስለጥጠው የስንዴ ፕሮቲን፣ ግሉተን የሚሉት፣ ሆዷ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ ዘብ ጠላት ገባ ብሎ ይነሣና የገዛ አንጀቷን ግድግዳ ያፈርሳል። ትንሽ ሳለች ይህን ያወቀ ስላልነበረ፣ እንደ ልጅ ሁሉ ዳቦ ስትበላ ከርማ፣ ሐኪም ቤት ስትገባ ክንዷ የክብሪት እንጨት አክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልደት ስትጠራ ምግቧን በሳጥን ይዛ ትሄዳለች። ዳቦ ቤት ደጃፍ ስትደርስ እርምጃዋ ይዘገያል። አክስቷ አንድ ቀን ይህን አየች፤ ያን ቀን ለማንም ክፉ ቃል አልተናገረችም።

ወንድሟ «ለልጄ ዳቦ እሠራለሁ» ብሎ ተነሣ። ይህንን ሐሳብ እንኳ ልትንቀው አልቻለችም፤ ሞክራ ነበር።

ዓመታት ፈጀበት። ከሩዝና ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ዳቦ ይፈረፈራል፤ የሚያያይዘው ግሉተን ነው፤ ግሉተን ደግሞ ልጂቱን ያፈርሳታል። ስለዚህ ግሉተኑን ከስንዴ አውጥቶ በኢንዛይም አሸው፣ አሞቀው፣ አደረቀው፤ ከሩዙ ዱቄት ጋር ሲያቦካው ሊጡ ተነፋ። በመመርመሪያ ኪቱ ሲፈትሸው ዜሮ አነበበ። «ግሉተንነቱ ጠፍቷል» አለ በስብሰባው ላይ። ጭብጨባ አጨበጨበ።

የምረቃው ቀን ተቆረጠ። ጋዜጠኞች ይጠራሉ፣ ነጋዴዎች ይጠራሉ፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሁሉ ፊት ሚጡ ትበላለች። ከዚያም በኋላ ቁርሷ በየቀኑ ይኸው ዳቦ ይሆናል፤ ፎቶዋም ማሸጊያው ላይ ይወጣል።

ሬት ዳቦውን ባየችው ጊዜ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር፤ ዳቦው ያምራላ! ቅርፊቱ ደህና አድርጎ ቀልቷል፤ ውስጡን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ላብራቶሪዋን ዘግታ ቆርሳ ቀመሰች። ደገመች። ማንም እንዳላያት በመስኮቱ አረጋግጣ ሠለሰች። የሩዝ ዳቦ እንዲህ አይጥምም፣ አለች በልቧ፣ እያኘከች። አፏ ቀጥ አለ። የሩዝ ዳቦማ እንዲህ አይሆንም!

ወደ ማቡኪያው ወርዳ ሊጥ ቆርጣ መጣች። ፋብሪካው ለሚቀበለው ስንዴ ሁሉ የምታደርገውን አደረገች፤ ሊጡን በጭብጧ ይዛ በቀጭን ውሃ ሥር ታጥበው ጀመር። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እየቀለጠ ይፈሳል። ግሉተኑ ጠፍቶ ከሆነ መዳፍ ባዶ ይቀራል፤ ካልጠፋ ላስቲክ የመሰለ ነገር ይቀራል። ቀረ። የላላ፣ የሚያሟልጭ፣ ሲስቡት ግን የሚለጠጥ ጓል መዳፏ ላይ ቁጭ አለ። ይህ አልበቃትም፤ ፕሮቲኖችን በየመጠናቸው የሚለያየው ጄል ላይ ከተራ የስንዴ ግሉተን ጎን አስኬደችው። ሰማያዊዎቹ መስመሮች እዚያም እዚህም በየቦታቸው ቆመዋል። ኢንዛይሙ የፕሮቲኑን ሰንሰለት ከርትፎ አላጠፋውም፤ መልኩን ብቻ ነው የቀየረው። አልሸሹም ዞር አሉ!

በሩን ሳታንኳኳ የወንድሟ ቢሮ ገባች።

«ማሙሽ፣ ግሉተንህ እዚያው ቁጭ ብሏል።»

«ይቀመጣ» አለ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል። «ሰንሰለቱን መች በጠስኩት? አንዳንድ ቀለበቶቹን ነው በሌላ የለወጥኩት። ኪቱ አያውቀውም እኮ እትዬ። ዜሮ ነው።»

«ኪቱ የሚያውቀው አንድ ፊት ነው። ፎቶ ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ በለው፤ ሌባው ጺሙን ተላጭቶ ቢመጣ ‘ደህና ዋሉ’ ብሎ ያስገባዋል።»

«የልጄም ሰውነት ያስገባዋላ! ግኝቱ እኮ እሱ ነው።»

«ኪቱ አንጀት የለውም!» አለች ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች። «የሷ ሰውነት ከመነሣቱ በፊት ያችኑ አንተ የለወጥካትን ቀለበት እዚያው አንጀቷ ውስጥ ራሱ ነው የሚለውጣት፤ ከዚያ በኋላ ነው ይበልጥ ለይቶ የሚያጠቃት። አንተ የሱን ሥራ ቀድመህ ሠርተህ፣ አኝከህ ልታጎርሰው ነው። ይሄን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል።»

እዚህ ላይ አፏን ብትዘጋ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። ወንድሟ ቀና ብሏል፤ እጁ ከመጻፊያው ላይ ተነሥቷል፤ ለአፍታ ያህል ዐይኑ ውስጥ ፍርሃት ብጤ ታይቷል። እሷ ግን ሬት ናት። «አንተ ግን ድሮም ጭንቅላትህ...» ብላ ጀመረች፤ ከጀመረች ደግሞ ማን ያቆማታል? ከማባዣው ተነሥታ በግራፎቹ አልፋ ዶክትሬቱ ጋ ስትደርስ፣ ያ ፍርሃት ብጤው ጠፍቶ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ጨረስሽ?» አላት። «አንድ ነገር ሠርቼ ‘ጎሽ’ ያልሽኝ ቀን ካለ ጥሪልኝ። አንድ ቀን።»

ፈለገች። አጣች።

«ቅናት ነው» አለ ወንድሟ፣ በሩን እየከፈተላት። «አልፈርድብሽም እትዬ።»

ጭብጨባ ዘንድ ሄደች። ደረቱ ላይ እጁን አጣጥፎ፣ እንደገባው ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። «እርስዎ ያሉት በሙሉ ጥሩ ነው» አላት በመጨረሻ፤ «ግን ደንቡ የሚያውቀው ኪቱን ነው፤ ኪቱ ደግሞ ዜሮ ብሏል።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኸኛው ደግሞ ሞኝም ነው፣ ወረቀትም ይዟል። ስትወጣ «ጥሩ ውይይት ነበር» አለ፤ ለጥቂት ሊያጨበጭብ ነበር።

ለወንድሟ ሚስት ስልክ ደወለች። ሚስትዮዋ እስከ መጨረሻው አላስጨረሰቻትም።

«እትዬ፣ እርስዎ የኛን ቤት ነገር አንድ ቀን መርቀው ያውቃሉ? በሠርጌ ቀን እንኳ አስለቅሰውኛል እኮ። ልጄ በሕይወቷ ዳቦ ልትበላ ነው፤ እባክዎ ደስታዋን አያጨልሙባት።»

ከዚያ ስልኩን ሚጡ ተቀበለች። ሬት የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ልጅ በሚገባው አማርኛ። ሚጡ ግን ቀደመቻት።

«አክስቴ» አለች ቀስ ብላ፤ «አንቺ እኮ ዳቦ ትበያለሽ።»

ሬት ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች። ዕድሜ ልኳን ለጭሱም ለአቧራውም «እሳት! እሳት!» ስትል ኖራ፣ የእውነቱ እሳት ሲነሣ የሚሰማት ሰው ጠፋ። ይህን ማንም አላደረገባትም። ምላሷን ያባከነችው ራሷ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ናቀች።

በምረቃው ዋዜማ መኪና ማቆሚያው ላይ ወንድሟን ጠበቀችው። ቁልፉን እያወጣ ሲመጣ ከፊቱ ቆመች።

«እባክህ» አለችው። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ሰው ጫማ ነበር፤ አልገጠማትም። «እግርህ ላይ ልውደቅ። ትንሽ ብቻ አዘግየው። ሌላ ላብራቶሪ ይየው፤ ሐኪሟ ይየው። ከተሳሳትኩ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ወንድሟ ትክ ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ፌዟን ፈለገ፤ ባያገኘውም ያለ መሰለው፤ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅማ!

«አሁን ደግሞ በልመና መጣሽ?» አለ። «ይቺ አዲስ ናት። ይቺን አልሰማኋትም ነበር።» መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ የፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ ዋለ። ወትሮ ጋጋሪዎቹ ክርናቸውን የሚያሳርፉበት ጠረጴዛ ላይ አበባ ተቀመጠ፤ ጋጋሪዎቹ ራሳቸው ግን አልተጠሩም። ነጋዴዎቹ ከፊት ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። ጭብጨባ ከረባቱን አጥብቆ ከማሰሩ የተነሣ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ከአንድ ጥግ፣ ከሬት ጎን፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ቆሟል፤ ለምን እንደቆመ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ሁለቱም ተፋፍረው በየፊናቸው ግድግዳ ያያሉ።

ሚጡ መሐል ላይ ተቀምጣለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከፊቷ ነጭ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ወፍራም ቁራሽ። እናቷ ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ይዛለች። አባትየው ንግግሩን አደረገ፤ ንግግሩ ረጅም ነበር፣ «አብዮታዊ» የሚለው ቃል በዛበት፤ ሬት በሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት የሚበቃ መሳለቂያ ታወጣለት ነበር። አሁን ግን ዐይኗ ቁራሹ ላይ ነው።

መድረክ የሚመራው ከውጭ የተቀጠረ ለፍላፊ ነበር። ማን ከማን እንደተጣላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እህት መሆኗን ብቻ ሰምቷል። «ይህ የቤተሰብ ሥራ ነው ክቡራን!» ብሎ ጮኸ። «ልጃችን ከመቁረሷ በፊት እስቲ ከታላቅ እህት አንድ ቃል!» ማይኩን አፏ ሥር ደቀነው። የጭብጨባ ፊት ከቲማቲምነት ወደ ነጭ ሽንኩርትነት ተለወጠ። የጥበቃው ሠራተኛ አንድ እግሩን አነሣና የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው።

ሬት ቃሏን ከሌሊቱ ጀምራ አዘጋጅታው ነበር፤ «አትብዪ!» ነበር የምትለው። ይህን ልትል አፏን ስትከፍት ከሚጡ ጋር ዐይን ለዐይን ተጋጩ። ልጂቱ ቁራሹን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯ ላይ አድርጋዋለች፤ ዐይኗን ከአክስቷ አልነቀለችም። የመጀመሪያው መራራ ቃል ሲወጣ ልትገምጠው ነው። እልኋ ፊቷ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

መራራ ቃል ማውጣት ከቶ አልተቻለም። ሬት ደግሞ ሌላ ዓይነት ቃል ተናግራ አታውቅም።

«ወንድሜ» አለች። ድምፅ ማጉያው ቃሉን በአዳራሹ ላይ በተነው። ‘ማሙሽ’ አላለችም። «ዳቦህን ቀምሼዋለሁ። ማንም እንዳያየኝ በሬን ዘግቼ ነው የቀመስኩት፤ ደግሜ ደግሜ ነው የበላሁት። በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሬን አሽብቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሊጥ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ከሩዝ ይሄን ማውጣት እኔ አልችልም ነበር። ለልጅህ ብለህ ስንት ዓመት እንደለፋህ አይቻለሁ፤ መብራትህ ሳይጠፋ ነበር ወደ ቤቴ የምሄደው። አንድም ቀን ነግሬህ አላውቅም እንጂ እኮራብሃለሁ።»

ጊዜ ለማግኘት ብላ ነበር የጀመረችው። መሐል ላይ ስትደርስ ግን እየዋሸች እንዳልሆነ አወቀች። ቃሉ ሁሉ እውነት ነበር፤ ከስንት ዓመት በፊት ሊባል የሚገባው እውነት። የወንድሟ ፊት እንደ ሕፃን በራ። ለአፍታ የማባዣውን መልስ ያገኘው ያ ትንሽ ልጅ ሆነ።

ከዚያ ክው አለ።

ታላቅ እህቱ ሰው ስታሞግስ በሕይወቱ የሰማት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከአባታቸው አስከሬን ሣጥን አጠገብ ቆማ። ያን ጊዜም ድምፅዋ እንዲህ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የለሰለሰ፣ ቃሉን እየፈለገች። ወንድሟ ፊቷን አየ፤ ፌዝ የለም። ይህች ሴት የምታሞግሰው ሞት ፊት ስትቆም ብቻ ነው። ልጁን አየ። ቁራሹ ከንፈሯ ላይ ነው፤ ጥርሷ ተከፍቷል።

ወንበር ገፍቶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ጥሎ ደረሰባትና ቁራሹን ከአፏ ላይ ነጠቃት።

ሚጡ ባዶ እጇን አየች፤ ከዚያ አባቷን፣ ከዚያ አክስቷን። «እጠላችኋለሁ» አለች፤ ጮክ ብላ አይደለም። እናቷ አቅፋ ይዛት ወጣች። ምን ማድረግ እንዳለበት ያላወቀው ጭብጨባ ብቻውን አጨበጨበ።

ሬት ወንድሟን ከአዳራሹ ጀርባ፣ የዱቄት ጆንያ በሚቆለልበት ጓዳ አገኘችው። ከተገለበጠ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ቁራሹን እስካሁን ጨብጦታል፤ ዳቦው በጣቶቹ መሐል ወጥቷል።

«ንገሪኝ» አላት።

ነገረችው። ስለ ጄሉ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ኪቱ ለምን እንደታወረ። ምንም ስድብ ሳትጨምርበት ስትናገር ነገሩ አጭር ነበር፤ ያን ያህል አጭር መሆኑ እሷንም ገረማት። እሱም በመሐል አላቋረጣትም። ስታበቃ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ዱቄት ግንባሩ ላይ ቀረ።

«ሌላ ላብራቶሪ እልከዋለሁ» አለ። «ከሐኪሟም ጋር እነጋገራለሁ። ለሷ ግን ምን ልበላት?»

«እውነቱን። ዳቦው ጥሩ ነው፣ ላንቺ ግን ገና ነው በላት።»

አንገቱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ፤ ፊቱ ላይ የድካም ፈገግታ አለ።

«ብልህ ነሽ እትዬ። ሌላ ነገር ብትዪ ኖሮ አልሰማሽም ነበር። ያን ሁሉ ሙገሳ ከየት አመጣሽው?»

«ከየትም አላመጣሁትም» አለች ሬት። «እውነቴን ነው።»

ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ።

«እውነቴን ነው እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

«በቃ እትዬ» አላት፣ በፍቅር ትከሻዋን መታ አድርጎ፤ «አሁን እኮ ማንም አይሰማሽም።»